ኃጢአትና ወንጀል አንድ ናቸው ወይ? ከለንደን እስከ ካምፓላ የተጓዘ ሕግ ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። ዓመቶቹን የጻፍኳቸው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» ብዬ እለያለሁ።

ርዕሱ ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ስለ ሕግ ነው። «አንተ ደግሞ ሌላ ርዕስ አጣህ?» የምትለኝ አክስት እንዳለችኝ አውቃለሁ። ግን በዚህ ጉዳይ በእኛው ሰፈር፣ በእኛው ሰው ላይ እየደረሰ ያለ ነገር አለ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። ስለ መጽሐፍ ቅዱስም ሆነ ስለ ቁርኣን ትርጓሜ አልከራከራችሁም። «ኃጢአት ነው» ብሎ የሚያምን ሰው እምነቱ የራሱ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኔ የማሳያችሁ የሕጉን ሥር ነው። ይህን ነገር በእስር የሚቀጣ ሕግ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ማን አመጣው? ሕጉ የወጣበት አገር ወግ አጥባቂ አማኞችስ በኋላ ምን አሉ?

መልሱን በአጭሩ ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ታሪኩ እንግባ። ባለፉት 70 ዓመታት በብዙ አገር ሐሳባቸውን የለወጡ ወግ አጥባቂ አማኞች አብዛኞቹ ትምህርተ ሃይማኖታቸውን አልለወጡም። የለወጡት «ኃጢአት ከሆነ ፖሊስ ይቅጣው» የሚለውን ነው።

ሕጉ ከየት መጣ?

በእንግሊዝ አገር ይህ ጉዳይ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነበር። በ1533 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በፓርላማ አዋጅ ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት አዛወረው፤ ቅጣቱንም ሞት አደረገው። በእንግሊዝ በዚህ ክስ ለመጨረሻ ጊዜ ሰዎች የተሰቀሉት በ1835 ነው። የሞት ቅጣቱ ራሱ የተነሣው በ1861 ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች ሕንድን ይገዙ ነበር። ቶማስ ማኮሌይ የመራው የሕግ ኮሚሽን በ1837 ለሕንድ አንድ የወንጀል ሕግ ረቂቅ አዘጋጀ። ረቂቁ ብዙ ከቆየ በኋላ በ1860 ጸደቀ። አንቀጽ 377 «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ» የሚባለውን ግንኙነት እስከ ዕድሜ ልክ በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። ከዚያ ሕጉ እንደ ማኅተም በየቅኝ ግዛቱ ይመታ ጀመር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሕንድ ሕጎች ባሕር ተሻግረው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ። በ1930 ኬንያ የራሷ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሲወጣላት ይኸው ሐሳብ አብሮ ገባ። ዛሬም በኬንያ ሕግ አንቀጽ 162 ላይ አለ፤ ቅጣቱ 14 ዓመት ነው። ያንን ሕግ የጻፈ አንድም የኪኩዩ፣ የሉኦ ወይም የቱርካና ሽማግሌ የለም።

አሁን ካርታውን ዘርጉልኝ። ፈረንሳዮች ከአብዮታቸው በኋላ በ1791 ባወጡት የወንጀል ሕግ ይህን ነገር ከወንጀል ዝርዝር አውጥተውት ነበር። ስለዚህ ፈረንሳይ በገዛቻት በጅቡቲ፣ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ሆኖ፣ ዛሬም የሚያስር ሕግ የለም። የቤልጂየም ሕግ በወረሰችው በሩዋንዳም የለም። ብሩንዲ እስከ 2009 አልነበራትም፤ በዚያ ዓመት ጨመረች። ጅቡቲዎችና ሩዋንዳውያን ከኬንያውያን ይልቅ ሃይማኖት የላቸውም የሚል ሰው ካለ ሄዶ ይያቸው። ልዩነቱ የመጣው ከማን ገዛቸው ነው።

ስለ ራሳችን አገር ደግሞ እውነቱን እንናገር። ኢትዮጵያን እንግሊዝ አልገዛትም፤ ስለዚህ ሁሉን በቅኝ ገዢ ማላከክ አንችልም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን ድርጊት ይቀጣ ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ይቀጣል። ኤርትራም ከነጻነት በኋላ ለረጅም ጊዜ የሠራችው በ1949ኙ ሕግ ላይ ተመሥርታ ነው። የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። የሳቸው አገር ስዊዘርላንድ ግን በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚፈጸመውን ከ1942 ጀምሮ ከወንጀልነት አውጥታው ነበር። ባለሙያው ከውጭ ይምጣ እንጂ ሕጉን ያጸደቅነው እኛው ነን።

ከዚያ በፊት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ግን አንድ የሚያስተምረን ነገር አለ። ሲማሩ የሰማችሁ እንደምታውቁት መጽሐፉ ሁለት ክፍል ነው፤ ፍትሕ መንፈሳዊና ፍትሕ ሥጋዊ። ሥጋዊው ክፍል በዚህ ጉዳይ ለዘብተኛ ነበር አልላችሁም፤ የዘመኑ ቅጣት ከባድ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን የነፍስ አባት ሥራና የዳኛ ሥራ ሁለት መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ጾም የገደፈ ሰው ቀኖና ለመቀበል ወደ ነፍስ አባቱ ይሄዳል እንጂ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አይወሰድም። ሐሜት ኃጢአት ነው፤ በሐሜት የታሰረ ሰው ግን አላየሁም። ቢኖር ኖሮ የእኛ ማኅበረሰብ ግማሹ እስር ቤት ነበር።

«ከፈረንጅ የመጣ ነው» ስለሚባለው

ይህን ስትሉ ወደ ኡጋንዳ ታሪክ ልመልሳችሁ። ናሙጎንጎ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየዓመቱ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ጁን 3፣ ከመላው ምሥራቅ አፍሪካ ምእመናን በእግር የሚጎርፉበት ቦታ ነው። ከ1885 እስከ 1887 የቡጋንዳው ካባካ ምዋንጋ ካቶሊክና አንግሊካን የሆኑ የቤተ መንግሥት ብላቴኖችን ገደለ፤ ብዙዎቹ በእሳት ተቃጠሉ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚለው ከቁጣው ምክንያቶች አንዱ ብላቴኖቹ ለንጉሡ የወሲብ ፍላጎት አንታዘዝም ማለታቸው ነው። 22ቱን ካቶሊኮች ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ በ1964 ቅዱሳን ብለው ሰየሟቸው።

ይህ ታሪክ የኡጋንዳ ክርስቲያኖች ስለዚህ ጉዳይ ሲያስቡ ለምን እንደሚቆጡ ያስረዳል፤ ቁጣቸው ከሰማዕታት ደም ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ድርጊቱ በቡጋንዳ ቤተ መንግሥት የታወቀው ከማንኛውም የውጭ እርዳታ ድርጅት በፊት ነው። ሁለተኛ፣ እዚያ የነበረው ትልቁ በደል አንድ ባለ ሥልጣን እምቢ ማለት የማይችሉ ልጆችን ማስገደዱ ነው። ሁለት አዋቂዎች በፈቃዳቸው የሚያደርጉት ነገር ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። አስገድዶ መድፈርና ልጅን መድፈር በየትኛውም አገር ወንጀል ነው፤ ወንጀልም ሆኖ ይኑር። ሁለቱን አንድ ላይ ስንጠቀልል የተደፈረውን ልጅም አንጠቅመውም።

ሕጉ የወጣበት አገር አማኞች ምን አሉ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ፖሊስ በዚህ ክስ ብዙ ሰው ያስር ነበር፤ ከመኳንንት ወገን የሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ ፍርድ ቤት ቆሙ። በዚያን ጊዜ «ሕጉን እንደገና እንየው» ብለው ቀድመው ከተናገሩት መካከል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይገኙበታል። የቤተ ክርስቲያኒቱ የሥነ ምግባር ጉባኤ በ1954 አንድ ጥናት አሰራጨ። ዋና አዘጋጁ ዴሪክ ሸርዊን ቤይሊ የተባሉ ካህን ነበሩ። በዚያው ዓመት መንግሥት በሰር ጆን ዎልፈንደን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። የካቶሊኩ ካርዲናል ግሪፊንም የራሳቸውን ኮሚቴ አቋቁመው ለዎልፈንደን ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያናት ድርጊቱን ኃጢአት ነው ይሉ ነበር፤ ከዚህ ነቅነቅ አላሉም። ግን አዋቂዎች በፈቃዳቸው በስውር የሚፈጽሙትን ነገር መንግሥት በእስር መቅጣቱ ይቅር አሉ።

ለምን? የሥነ ምግባር ጉባኤው ምክንያቶች ዛሬም ይገባሉ። ሕጉ ለወንበዴ መሣሪያ ሆኗል፤ ሰዎች «ምስጢርህን ለፖሊስ እነግራለሁ» እየተባሉ ገንዘባቸው ይዘረፋል። ራሳቸውን የሚያጠፉ አሉ። ሕጉም ሚዛን የለውም፤ ትዳር የሚያፈርሰውን ዘማዊ አያስርም፣ በሴቶች መካከል ያለውንም አይነካም፤ የሚያስረው አንዱን ብቻ ነው። እነዚህን ምክንያቶች ከጻፉት ሰዎች መካከል ቀሚሳቸውን ለብሰው በየእሑዱ የሚቀድሱ ካህናት ይገኙበታል።

የዎልፈንደን ኮሚቴ በመስከረም 1957 ሪፖርቱን አወጣ፤ ከወንጀልነት ይውጣ አለ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸር ኃጢአትና ወንጀል መለየት አለባቸው የሚለውን ሐሳብ ደገፉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ ድምፅ ሰጠ፤ ሪፖርቱ በጠባብ ልዩነት ድጋፍ አገኘ። ማለትም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ዛሬ እኛ እንደምንከፈለው። መንግሥት ግን ፈርቶ ለ10 ዓመት አቆየው። ከፊሸር በኋላ የመጡት ሊቀ ጳጳስ ማይክል ራምዚ በላይኛው ምክር ቤት የሕጉን መሻሻል ደገፉ። በመጨረሻ በ1967 ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ ተሻሻለ።

ተማሪዎቼን እዚህ ላይ ዓመቶቹን እንዲጽፉ አደርጋቸዋለሁ። ኡጋንዳ ነጻ የወጣችው በ1962 ነው። ኬንያ በ1963። እንግሊዝ የራሷን ሕግ ያሻሻለችው በ1967። ባንዲራው ወርዶ ሄደ፣ ሕጉ እዚህ ቀረ፤ ባለቤቶቹ አገራቸው ገብተው ቀየሩት። እኛ የቀረውን ይዘን «የአፍሪካ ባህል» አልነው።

ሁለት አቅጣጫ

ከዚያ በኋላ አማኞች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄዱ ማለቴ አይደለም። አንዳንድ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያናት ከዚህ አልፈው ትምህርታቸውንም ለወጡ፤ በ2003 የአሜሪካ አንግሊካኖች የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በግልጽ የተናገረ ጳጳስ ሾሙ። ብዙ የአፍሪካ ጳጳሳት በዚህ ተቆጥተው ከእነሱ ጋር ኅብረታቸውን አቋረጡ። በ2008 ጋፍኮን የሚባለው የወግ አጥባቂ አንግሊካኖች ንቅናቄ የተመሠረተው በዚህ ክርክር ውስጥ ነው።

እነዚህ ወግ አጥባቂዎች ዘወትር የሚጠቅሱት በ1998 የላምቤት ጉባኤ የወሰነውን ውሳኔ ነው። ከዓለም የተሰበሰቡ ጳጳሳት በ526 ድጋፍና በ70 ተቃውሞ ያሳለፉት ነው። ውሳኔው ድርጊቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አይስማማም ይላል። ይህ ሁልጊዜ ይነበባል። ግን ያው ውሳኔ እነዚህን ሰዎች በጭፍን መፍራትን ያወግዛል፤ ቤተ ክርስቲያን እንድትሰማቸውና እንድትንከባከባቸውም ያዛል። ይህኛው ክፍል ሲነበብ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። ያሳለፉት እነዚያው ወግ አጥባቂ ጳጳሳት ናቸው።

በኡጋንዳ የሆነውን ደግሞ እንይ። በ2009 ዴቪድ ባሃቲ የተባለ የፓርላማ አባል የሞት ቅጣት ያለበት ረቂቅ አቀረበ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከአሜሪካ የመጡ ሰባኪዎች በካምፓላ ስለዚህ ጉዳይ ሴሚናር ሰጥተው ነበር። ከእነሱ አንዱ «ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል» በሚባል፣ የሰዎችን ዝንባሌ በጸሎትና በምክር እለውጣለሁ በሚል ድርጅት ቦርድ ውስጥ ነበር። ያ ድርጅት በ2013 ራሱን ዘጋ፤ መሪውም የጎዳኋቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። ታዋቂው ወንጌላዊ መጋቢ ሪክ ዋረንም በ2009 መጨረሻ ለኡጋንዳ መጋቢዎች በቪዲዮ ባስተላለፈው መልእክት ረቂቁ ክርስቲያናዊ አይደለም ብሎ ተቃወመ። ዋረን ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ ነው የሚል ሰው ነው። ይህን እያመነ ሕጉን ተቃወመ።

በ2010 አንድ የካምፓላ ጋዜጣ የሰዎችን ስምና ፎቶ «ስቀሏቸው» ከሚል ቃል ጋር አወጣ። ስማቸው ከወጣው አንዱ ዴቪድ ካቶ ነበር፤ እንደ እኔ አስተማሪ የነበረ ሰው። ጋዜጣውን ከሶ ረታ። ብዙም ሳይቆይ በጥር 2011 በመኖሪያ ቤቱ ተገደለ። በቀብሩ ላይ የቆመው ሰባኪ ሟቹንና ጓደኞቹን ሲያወግዝ፣ የቀብር ጸሎቱን ያደረሱት ጡረተኛው የአንግሊካን ጳጳስ ክሪስቶፈር ሰንዮንጆ ናቸው። እኒህ ጳጳስ ሰዎቹን ማማከር በመጀመራቸው የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው አገልግሎት ከልክላቸው ነበር።

ረቂቁ በ2014 ሕግ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ፓርላማው ሲያጸድቀው ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም ተብሎ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተሻረ። በ2023 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ዕድሜ ልክ እስራትና ለአንዳንድ ሁኔታዎች የሞት ቅጣት ያለበት። የኡጋንዳ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ደገፈችው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ደግሞ ድጋፉን እንድትተው በአደባባይ ጠየቁ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ጋፍኮን ታላቁን ጉባኤውን ያደረገው በኪጋሊ ነበር። የሩዋንዳ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በወግ አጥባቂነቷ ከማንም አታንስም። አገሯ ግን ማንንም በዚህ አያስርም። ጳጳሳቱ ኪጋሊ ተቀምጠው ስለ ጋብቻ የሚያምኑትን ሁሉ ተናገሩ፤ ለዚያ የፖሊስ እርዳታ አላስፈለጋቸውም። «ሕጉ ከተነሣ ሃይማኖታችን ይጠፋል» ለምትሉኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ከጁባ የተነሣው አውሮፕላን

በጥር 2023 የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ አሶሺየትድ ፕሬስ ከተባለው የዜና ወኪል ጋር ሲነጋገሩ፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆን ወንጀል አይደለም አሉ፤ በካቶሊክ ትምህርት ድርጊቱ ኃጢአት መሆኑን ሳይክዱ፣ ኃጢአትና ወንጀል ግን ይለዩ አሉ። ይህ በ1957 በለንደን የተባለው ነገር ነው።

ብዙ ሳይቆይ በየካቲት ወር ጳጳሱ ደቡብ ሱዳንን ጎበኙ። በየአገሩ ያሉ ደቡብ ሱዳናውያን ወንድሞቻችን ያን ቀን ያስታውሱታል። አብረዋቸው የአንግሊካኑ ዌልቢና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ኢያን ግሪንሺልድስ ነበሩ። ከጁባ ሲመለሱ በአውሮፕላኑ ውስጥ ጋዜጠኞች ጠየቋቸው። ሦስቱም፣ ካቶሊኩም አንግሊካኑም ፕሪስቢቴሪያኑም፣ ሰዎችን በዚህ ማሰር ልክ አይደለም ብለው በአንድ ቃል መለሱ። በስንት ነገር የማይስማሙ ቤተ ክርስቲያናት ናቸው።

በዓመቱ መጨረሻ ቫቲካን ለእነዚህ ጥንዶች ካህናት ቀለል ያለ ቡራኬ ሊሰጡ ይችላሉ ስትል፣ የአፍሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በጥር 2024 በእኛ ዘንድ አይደረግም ብለው መለሱ። መብታቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። ግን «አንባርክም» ማለትና «ይታሰሩ» ማለት ሁለት ነገር ነው። ጋናዊው ካርዲናል ፒተር ተርክሰን በ2023 መጨረሻ ለቢቢሲ ይህ ነገር ወንጀል መሆን የለበትም ብለዋል፤ የገዛ አገራቸው ጳጳሳት ጠንካራውን ረቂቅ ሕግ በሚደግፉበት ወቅት።

በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሞርሞኖችን ታውቃላችሁ። በ2008 በካሊፎርኒያ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ እንዲከለከል ገንዘብና ጉልበት ያፈሰሰች ቤተ ክርስቲያን ናት። በ2022 ግን ለእነዚህ ጋብቻዎች በመንግሥት ሕግ ጥበቃ የሚሰጠውን፣ የሃይማኖት ነጻነትንም የሚያስከብረውን ረቂቅ ደገፈች። በራሷ ቤት ግን ዛሬም አታጋባም።

ወደ እኛው ግቢ

አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። እዚህ ናይሮቢ በእኛው ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ወጣት ከጋራ ኪራይ ቤት እንዲወጣ ተደርጓል። ሰርቆ አይደለም፤ የማንንም ልጅ ነክቶ አይደለም። «እንዲህ ነው አሉ» ተባለ፣ በቃ። ስሙን አልጽፍም፤ እናንተም በመላ አትፈልጉት። ከቤት መውጣቱ ሳያንስ «ለፖሊስ እንጠቁም» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ሐሳቡን ያነሡት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። ለዚህም ነው በስድብ ሳይሆን በታሪክ ልናገራቸው የፈለግሁት።

እንግዲህ ስሙ። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2024 ያንን ከባድ ሕግ አብዛኛውን ክፍል አጸናው። ነገር ግን ከሻራቸው ጥቂት አንቀጾች መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ቤት ያከራየውን የሚቀጣው፣ እና ያወቀ ሁሉ ለፖሊስ ይጠቁም የሚለው። በምሥራቅ አፍሪካ እጅግ ጨካኝ የተባለውን ሕግ ያጸኑ ዳኞች እንኳ «ከቤት አስወጣ፣ ጎረቤትህን ጠቁም» የሚለውን አልተቀበሉትም። እኛ ማንም ሳያዘን ልናደርገው ነው።

ደግሞ እኛ ማን ነን? በ1951 የስደተኞች ስምምነት አምስት ምክንያቶች አሉ፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት፣ የፖለቲካ አመለካከት። ይህ ልጅ በአራተኛው ገባ እንበል፤ እኛ በሌሎቹ ገብተናል። በሩ ግን አንድ ነው። በኤርትራ በ2002 ያልተመዘገቡ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ሰዎች በየቤቱ ስለጸለዩ ኮንቴነር ውስጥ ታስረዋል። ከእነሱ ያመለጡ ዛሬ በመካከላችን አሉ። በደርግ ዘመን የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገድለዋል። በሰውና በአምላኩ መካከል ያለውን ነገር መንግሥት ወንጀል ሲያደርገው ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ያኔ «ጎረቤትህን ጠቁም» የተባሉት ጎረቤቶቻችን ነበሩ።

ከ2014ቱ ሕግ በኋላ ከኡጋንዳ የሸሹ ብዙ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ወደ ኬንያ ገብተው ካኩማ ካምፕ ደርሰዋል። በመጋቢት 2021 እዚያ በተኙበት እሳት ተለኮሰባቸው፤ አንዱ በቃጠሎው ቆስሎ ከሳምንታት በኋላ ሞተ። ከአገሩ ሞት ሸሽቶ የመጣ ሰው በስደተኞች ካምፕ ውስጥ ተቃጠለ።

ፖሊስ ስለ መጥራት ደግሞ የኢስትሊ ሰዎች 2014ን አትርሱ። በሚያዝያ ወር ፖሊስ በየቤቱ እየገባ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያፍስና ካሳራኒ ስታዲየም ሲያጉር ማን ጥፋተኛ፣ ማን ንጹሕ ብሎ አልለየም። አንድን ሰው ለማስያዝ ወደ ግቢያችን የጠራነው ፖሊስ ሲገባ የሁላችንንም ወረቀት ይጠይቃል። ነግ በእኔ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። የማንንም ሰው ስምና ፎቶ በዚህ ጉዳይ በቴሌግራምም በዋትስአፕም አታስተላልፉ፤ ካቶን ያስገደለው መንገድ በዚህ ዓይነት ስም ማውጣት ነው የጀመረው። ማንንም ለፖሊስ አትጠቁሙ። ማደሪያ ያጣ ሰው ካጋጠማችሁ ሌሊቱን ውጭ አታሳድሩት።

ኃጢአት ነው ብላችሁ የምታምኑ ለነፍሱ ጸልዩለት፤ እሱ ከፈቀደም ካህን ወይም ሼኽ ያናግረው። አንዳንዶቻችሁ በዚህ ጽሑፍ ትቀየሙኛላችሁ፤ ግድ የለም፣ እንነጋገራለን። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስድብ ካልሆነ ለሁሉም እመልሳለሁ። ማደሪያ ክፍል ያለው ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍልኝ።

ሰላም ሁኑ።